በአራትና በአምስት መካከል

ፖርቶ፣ ከወንዙ ዳር፣ ዝናብ የማይለየው
ባለስድስት ፎቅ ሕንፃ አለ፤ በሕልሜም የማየው።
የመድን ድርጅት ነው። የሰው ቤት ሲቃጠል፣
የሰው ጣራ በነፋስ ሲነቀል፣
ስልኩ እኛን ነው የሚጣራ፤
እኛም በለሰለሰ ድምፅ፣ በተጻፈልን ተራ፣
«አዝናለሁ» እንላለን፣ በቀን ሰባ ጊዜ፤
ቃሉ ሳል እስኪመስል፣ የጉሮሮ አባዜ።

አንድ ማታ ልጄ ወድቃ፣ ጉልበቷ ተልጦ፣
እያለቀሰች ስትመጣ፣ አፌ ከእኔ አምልጦ
«የውል ቁጥርዎን ይንገሩኝ» አላት።
ቀና ብላ አየችኝ። ዕንባዋን ራሷ ጠረገች።

ለአንድ ሐዘን አራት ደቂቃ ይፈቀዳል፤
ካለፈ፣ ስማችን ማያው ላይ ይቀላል።
ቴልሞ አለቃችን፣ በወንበሮች መሃል አልፎ፣
«ፈጠን» ይላል፣ «ፈጠን»፣ እጁ ትከሻ ላይ አርፎ።
(እሱንም የሚለካ አለ፣ ከበላዩ ሰፍሮ፤
ማታ ማታ አየዋለሁ፣ መኪናው ውስጥ ተቀብሮ፣
ሞተር ሳያስነሣ።)

ሰው መቼም መላ አያጣም።
ዙልሚራ ከጠረጴዛ ሥር ካልሲ ትሠራለች፣
በደዋይ አንድ ረድፍ፤ ሲብስባት ትተረትራለች።
ኤልደር ሽንት ቤት ገብቶ ቧንቧውን ይከፍታል፤
ከውኃው ድምፅ መሃል አንዳች ነገር ይሰማል፤
እኛም «ቧንቧው አረጀ» ብለን እናልፋለን፤
ለቅሶን ስም ለውጠን እንዲህ እናኖራለን።

እኔ? እኔ ሊፍት ነበረኝ።

አሮጌ፣ የሚያቃስት፣ መስተዋቱ የጠቆረ።
አንድ መጋቢት ጧት፣ ብቻዬን ስወጣ፣ ገትሮኝ ቀረ
በአራትና በአምስት መካከል።
ደወሉን አልነካሁ። አልጮህኩ። ጫማዬን አውልቄ
ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ፣ ከሰው ሁሉ ርቄ።
ሦስት ደቂቃ ሙሉ ማንም አልፈለገኝ፤
ከዚያ ነቅነቅ አለና ወደ ሥራ አደረሰኝ።

ዘዴውን ለመድኩት፦ አምስትን ተጭኖ
በሩን በክርን ገፋ፤ ይቆማል ታምኖ።
የእኔ ብቻ መስሎኝ ስንት ወር ስኮራ፣
አንድ ቀን ጥጉ ላይ የካልሲ ክር አገኘሁ፤ የዙልሚራ።
ከግድግዳው ግርጌም በእርሳስ የተጫሩ
ሰረዞች፣ ሰረዞች፤ ከመቶ የሚያልፉ ቢቆጠሩ።

አደሊኖ ጠጋኙ በየወሩ ይመጣል፤
ያያል፣ ያዳምጣል፣
«ብልሽቱ አልተገኘም» ብሎ ይፈርማል።
ዘጠኝ ዓመት እንዲህ!

ኋላ ከሊዝበን አሠልጣኝ ላኩልን፤
«በአፍንጫ አስገቡ፣ በአፍ አስወጡ» አለችን፤
አንዳንድ ብርቱካን አደለችን።
እኛ ስንተነፍስ አርባ አንድ ደዋይ ወረፋ ያዘ።
በዚያው ሳምንት አዲስ ሊፍት ታዘዘ።

አደሊኖን አገኘሁት፣ ከጣራው ሥር፣ ከሞተሩ ጎን፣
ሰርዲን በዳቦ ሲበላ። «ብልሽቱ ምን ነበር?» «አንድ ብሎን።
ግማሽ ዙር ማጥበቅ ነው።» ጢሙን ጠረገና፣
«አሥራ ሰባት ሕንፃ አለብኝ፤ ሁሉም ይጠራኛል ገና
ምሳዬን ሳልፈታ።
እናንተ ስትቆሙ ግን ይህ ሞተር ዝም ይላል፤
እኔም ዝም ብዬ እበላለሁ። ይጣፍጣል።»

አዲሱ ሊፍት መስተዋት ነው። ፈጣን። የትም አይቆም፤
በሴት ድምፅ ፎቅ ይጠራል፣ ሳይደክም።
እኛም ደረጃውን ጀመርን።

ትናንት፣ በአራትና በአምስት መካከል፣ እርከኑ ላይ፣
ኤልደር ነበር፤ ዙልሚራም ከነክሯ፤
ከሒሳብ ክፍል የመጡ፣ ስማቸውን የማላውቅ ሁለት ሰዎች፤
ቴልሞም ግድግዳ ተደግፎ፣ ጫማውን አውልቆ።
«ፈጠን» አላለም።
የደረጃው መብራት ሰው ካልተንቀሳቀሰ ይጠፋል።
ጠፋ።
ማናችንም እጃችንን አላነሣን።